የሚበላውን ማብላት

በረሮን እኛ ሀዲያ ውስጥ፣ ጊምቢቹም ሆነ ሆሳዕና፣ የምናውቀው በጠላትነት ነው። ሌሊት ኩሽና ገብቶ መብራት ያበራ ሰው እግሩ ሥር ሲበታተኑ ያያል፤ ጫማ ይነሣል፣ መድኃኒት ይነፋል፣ ስንጥቁ ይደፈናል። በረሮ ጠግቦ እንዲያድር የሚጨነቅ ሰው አለ ቢባል በከተማችን የሚያምን አይገኝም። ግን አለ። በጀርመንና በአሜሪካ፣ ብዙ የሶሮ ወረዳችን ልጆች እንጀራ ፍለጋ በሄዱባት በደቡብ አፍሪካም ጭምር፣ ታራንቱላ የሚባለውን ትልቅ ጸጉራም ሸረሪት በቤታቸው የሚያኖሩ ሰዎች አሉ። ሸረሪቷ የምትፈልገው ሕይወት ያለው ምግብ ነው። ስለዚህ ከእሷ መስታወት ጎን ሌላ ሣጥን ይቀመጣል፤ ውስጡ በመቶዎች የሚቆጠር በረሮ አለ። ሰውየው ማታ ማታ ካሮት ከትፎ የሚያቀርበው ለሸረሪቷ ሳይሆን ለበረሮዎቹ ነው።

ነገሩን የባዕድ አገር ቅብጠት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ማለፍ አልቻልኩም፤ ጥያቄው የኛም ነውና። ለሌላ አፍ የታሰበን ፍጡር የሚመግብ ሰው ለተመጋቢው ምን ዕዳ አለበት? መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ዓላማው የመጋቢው ነው፤ ረሃቡ ግን የተራቢው የራሱ ነው። በረሮው ለሸረሪት መታሰቡን አያውቅም፣ ዓላማውም ከሆዱ ውስጥ ገብቶ ረሃቡን አይቀንስለትም። እንግዲህ የሚመግብ ሰው የሚመልሰው ለዓላማው ብቻ ሳይሆን ለረሃቡም ነው።

ሣጥኑን ቀረብ ብለን እንየው። ለዚህ ሥራ በብዛት የሚመረጠው ዱቢያ የተባለው የደቡብ አሜሪካ በረሮ ነው። ለስላሳ ግድግዳ መውጣት ስለማይችል ከፕላስቲክ ሣጥን አያመልጥም። ወንዱ ሙሉ ክንፍ አለው፤ የሴቷ ግን ጉርድ ነው። እንቁላሏን ውጭ ጥላ አትሄድም፤ ሆዷ ውስጥ አቆይታ ከ20 እስከ 40 የሚደርሱ ጨቅላዎችን በሕይወት ትወልዳለች። ሙቀት ይወዳሉ፣ 30 ዲግሪ ገደማ። ቀኑን ሙሉ በቁም በተደረደረ የእንቁላል ካርቶን ውስጥ ተሸጉጠው ይውላሉ፤ ክዳኑ ሲነሣ የደረቀ የእንሰት ቅጠል ሲረገጥ የሚሰማውን ዓይነት ኮሽታ ይሰማል። ከቡናማዎቹ መሐል አልፎ አልፎ ነጭ የሆነ አንድ ይታያል፤ ቆዳውን አሁን የጣለው ነው። እስኪጠነክርና እስኪጠቁር ሰዓታት ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ ማንም ሊነክሰው ይችላል፤ ከተራቡና ከተጠሙ የገዛ ወገኖቹም አይምሩትም። በሣጥኑ ውስጥ ሰላም መኖሩንና አለመኖሩን የሚወስነው የመጋቢው ጥንቃቄ ነው።

ጥንቃቄው ብዙ ነው። ካሮት፣ ብርቱካንና ዱባ ለውሃው፣ የተፈጨ ደረቅ እህል ለጉልበቱ። ውሃ በጎድጓዳ ዕቃ አይቀመጥላቸውም፤ ጨቅላዎቹ ይሰምጣሉ። ሻጋታ ሳይጀምረው የተረፈው ፍሬ ይወጣል። አትክልቱ በደንብ ይታጠባል፤ ልጣጩ ላይ የቀረ የተባይ መድኃኒት መንጋውን በአንድ ሌሊት ሊጨርሰው፣ ከእሱም አልፎ ሸረሪቷን ሊገድል ይችላል። በረሮው የበላው ሁሉ ወደምትበላው ይሻገራልና።

ፕሮቲንም በልክ ነው። በረሮ ከምግቡ የተረፈውን ናይትሮጅን እንደኛ በሽንት ከማስወገድ ይልቅ በዩሪክ አሲድ መልክ በስቡ ውስጥ ያከማቻል። እዚያው ስቡ ውስጥ ብላታባክቴሪየም የሚባል ባክቴሪያ ይኖራል፤ ከእናት ወደ ልጅ በእንቁላል እየተላለፈ ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ አብሮ የኖረ ነው። ምግብ ሲጎድል ይህ ባክቴሪያ ከተከማቸው ናይትሮጅን ለሰውነት ግንባታ የሚሆነውን አሚኖ አሲድ መልሶ ይሠራል። እንግዲህ ሰውየው በረሮውን ይመግባል፣ በረሮው ባክቴሪያውን፣ ባክቴሪያው መልሶ በረሮውን፣ በረሮው በመጨረሻ ሸረሪቷን። በዚህ መስመር ላይ የሚያውቅ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ካሮቱን የሚከትፈው። ኃላፊነቱ ከእውቀቱ ይመነጫል እላለሁ፤ ከሌላ ቦታ መፈለግ አያስፈልግም።

ይህን የሚቃወም ሰው ይኖራል። «ለበረሮው ምን ዕዳ አለና? ካሮቱ ለሸረሪቷ ነው፤ በረሮው መንገድ ብቻ ነው» ይላል። ቀላል መልስ አይደለም። ካንትን የሚያህል ፈላስፋ ሰው ለእንስሳ የሚያደርገው ጥንቃቄ በቀጥታ ለእንስሳው የሚከፈል ግዴታ አይደለም፣ ጭካኔ የለመደ እጅ ወደ ሰውም ስለሚዞር የሚጠበቅ ነው ሲል አስተምሯል። ፈላስፋው ቤንታም በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ ማሰብና መናገር መቻላቸውን ትተን መሠቃየት መቻላቸውን እንጠይቅ ብሎ ነበር። ሁለቱን ማስታረቅ የኔ ሥራ አይደለም። እኔ የምፈልገው ዓላማና ረሃብ የሚለያዩበትን ቀን ነው፤ አብረው እስከሄዱ ድረስ የትኛውን እያገለገልን እንደሆነ አይታወቅምና።

ያ ቀን በሸረሪቷ ቤት ይመጣል። ታራንቱላ ቆዳዋን ልትጥል ስትቃረብ መብላት ታቆማለች። አንዳንዷ ሳምንታት፣ እንደ ቺሊዋ ሮዝ ታራንቱላ ያለችው ደግሞ ወራት ሳትበላ ትቆያለች። በነዚያ ወራት ሣጥኑ ውስጥ ያለው መንጋ ለምንም አይፈለግም። ሆኖም ሰኞ ይርበዋል፣ ማክሰኞም ይርበዋል። ዓላማው ሲያንቀላፋ ረሃቡ ነቅቶ ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ ካሮት መክተፉን የተወ ሰው በረሮዎቹን መግቦ አያውቅም፤ ሲመግብ የነበረው ሸረሪቷን ብቻ ነው። ያልተወው ሰው፣ ስም ባይሰጠውም፣ ሌላ ነገር እያደረገ ነው። ሸረሪቷ ቆዳዋን የምትጥለው በጀርባዋ ተገልብጣ ነው፤ ከወጣች በኋላም አካሏ ለቀናት ለስላሳ ነው። አጠገቧ የቀረ ፌንጣ ወይም ሌላ የተራበ ነፍሳት ሊግጣት ይችላል፤ ስለዚህ አስተዋይ ሰው ያልበላችውን አስቀድሞ ያወጣል። በዪና ተበዪ የሚሉት ስም በተፈጥሮ የተጻፈ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም።

ጊምቢቹ ላይ ሸረሪት የሚያሳድግ ሰው አላውቅም፤ ሰንጋ የሚቀልብ ግን ሞልቷል። የሀዲያ ዘመን መለወጫ ያሆዴ የሚከበረው በመስቀል ሰሞን ነው፤ ለዚያ ቀን የታሰበው በሬ ከወራት በፊት ከእርሻ ተለይቶ ይታሰራል። የሚቀርብለት የታጨደ ሳር፣ የአገዳ ጫፍ፣ ፉርሽካ፣ አተላ፣ ጨውና ከጓሮ የተቆረጠ የእንሰት ቅጠል ነው። እናት ቅጠሉን ከመሐል አጥንቱ ሰንጥቃ ለሁለት ትለየዋለች፣ በማጭድ ትከታትፈዋለች፣ እቅፍ ሙሉ አድርጋ አፉ ሥር ታስጠጋለታለች። በሬው መጀመሪያ ጨው የነካውን እጇን ይልሳል፣ ከዚያ ወደ ቅጠሉ ይዞራል። ልጆቹ ግንባሩን ያኩለታል። ፍጉ ጠዋት ተጠርጎ ወደ እንሰቱ ሥር ይሄዳል። ይህ ሁሉ ሲሆን የሚታረድበትን ቀን የማያውቅ እሱ ብቻ ነው።

እዚህም ያው ተቃውሞ ይነሣል፤ ይመገባል፣ የከሳ በሬ ሥጋ የለውምና። እሺ። የዋዜማዋን ሌሊት እንመልከት። ነገ የሚታረድ በሬ ዛሬ ማታ የበላው ሳር ሥጋ አይሆንም፤ ሆዱ ሲከፈት ሳሩ እንዳለ ይወጣል። በዘመናዊ ቄራ ከእርድ በፊት መኖ መከልከል የተለመደ ነው፣ ሥራውን ንጹሕ ያደርጋል፤ ውሃ ግን አይከለከልም። እኔ በማውቃቸው ቤቶች በዋዜማውም ማታ ሳሩ ይቀርብለታል። ማንም ፍልስፍና አስቦ አያደርገውም። በጋጣው ዞሮ እምቧ ሲል እየሰሙ መተኛት ስለማይቻል ነው። ያ እቅፍ ሳር ትርፍ የለውም፣ ለሥጋው አንዲት ጭብጥ አይጨምርም። ለዚህ ነው ከወራቱ ቀለብ ሁሉ ያ አንዱ ስለ ቀላቢዋ እውነቱን የሚናገረው። የሙሴ ሕግ በአውድማ ላይ እህል የሚያበራይ በሬ አፉ እንዳይታሰር ሲያዝ ያየው ይህንኑ ይመስለኛል፤ እየሠራ ያለውም ሥራ ቢሆን የእኛ ነው፣ በሥራው መሐል የሚሰማው ረሃብ ግን የበሬው ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው መንጋ ልሂድ፤ ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ከሶሮ ደጋ ወደ ምዕራብ ቁልቁል ሲወረድ ሙቀቱ እየጨመረ ይሄዳል፤ መጨረሻው የጊቤና የኦሞ ሸለቆ ነው። በዚያ ቆላ የቆላ ዝንብ አለች፤ ፄፄ የምትባለው። ገንዲን የምታመጣ እሷ ነች። ገንዲ የያዘው ከብት ይከሳል፣ ጸጉሩ ይቆማል፣ ደሙ ይሳሳል። ላሚቱ ትጨነግፋለች፣ በሬው ቀንበር መሸከም ያቅተዋል። በሬ የሌለው ቤት ማሳውን ለእኩል አራሽ ይሰጣል ወይም በእጁ ይቆፍራል። ይህን ለማያውቅ ሰው ዝንብ ትንሽ ነገር ትመስላለች።

ዝንቧን ለማጥፋት ኢትዮጵያ የመረጠችው አንዱ መንገድ ዝንቧን ማርባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በደቡብ ስምጥ ሸለቆ 25,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ያነጣጠረ የማጥፋት ፕሮጀክት በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ድጋፍ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2007 አዲስ አበባ ቃሊቲ ላይ የቆላ ዝንብ ማራቢያና በጨረር ማምከኛ ማዕከል ተመረቀ። አሠራሩ ይህ ነው፤ ወንዱ በብዛት ይረባል፣ በጨረር ይመክናል፣ ወደ ቆላው ይለቀቃል። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜዋ የምትገናኘው አንዴ ስለሆነ ከመካኑ የተገናኘች ዘር አይኖራትም። ዛንዚባር የኡንጉጃን ደሴት ከፄፄ ነጻ ያደረገችው በዚህ መንገድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1997።

ይህን መንጋ መመገብ ከበረሮው እጅግ ይከብዳል። ፄፄ ወንዱም ሴቷም ከደም በስተቀር ምንም አይበሉም። ሴቷ እንቁላል አትጥልም። በ9 ወይም በ10 ቀን አንድ እጭ ብቻ በማኅፀኗ አሳድጋ፣ ከሰውነቷ በሚመነጭ ወተት መሰል ፈሳሽ መግባ ትወልዳለች። ስለዚህ መንጋው የሚያድገው ቀስ ብሎ ነው፣ እያንዳንዷ እናት ትቆጠራለች። ደሙ ከቄራ ይመጣል። እንዳይረጋ ገና ትኩስ ሳለ ይማታል፣ ተሕዋስያኑ እንዲሞቱ በጨረር ያልፋል፣ ይመረመራል፣ ይቀዘቅዛል። በመመገቢያው ሰዓት በሞቀ ሰሌዳ ላይ ይፈስሳል፣ ከላዩ ስስ የሲሊኮን ሽፋን ይዘረጋል። ዝንቦቹ ያሉበት የመረብ ቤት በሽፋኑ ላይ ይቀመጣል። ሲሊኮኑ ለእነሱ ሞቃት ቆዳ ነው፤ መርፌ የመሰለ አፋቸውን በመረቡ አሳልፈው ይወጉታል፣ ጥቂት ደቂቃ ሳይሞላ ሆዳቸው ቀልቶ ይነፋል። ፄፄ ጾም አታውቅም፣ በዓል አታውቅም። ጥምቀትም ይሁን ፋሲካ አንድ ተረኛ በሩን ከፍቶ መግባት አለበት።

ለማራባት የተመረጠችው የዝንብ ዝርያ ምራቅ ዕጢዋን የሚያሳብጥ ቫይረስ አለባት። በዱር ብዙ ሳይታይ ይኖራል፤ በማራቢያ ግን ዝንቦቹን እያመከነ መንጋን እስከማፍረስ ይደርሳል። ኦስትሪያ ሳይበርስዶርፍ ባለው የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅትና የአቶሚክ ኤጀንሲው የጋራ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲከታተሉ ያገኙት በገበታው ላይ ነው። አንዱ ቡድን ጠግቦ ሲነሣ ሌላው በዚያው ደም ላይ ይቀርብ ነበር። የታመመችው በምራቋ ቫይረሱን ትተዋለች፣ ተከታዮቿ ይጠጡታል። በተራቸው የተቀመጡት ሁሉ የፊተኞቹን በሽታ ይወርሱ ነበር። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ቡድን ያልተነካ ደም ማቅረብ ሆነ፤ እንዲህ ሲደረግ ቫይረሱ በመንጋው ውስጥ እያደር ቀነሰ።

ይህ ታሪክ የሚይዘኝ ቁጠባውን ስለማውቀው ነው። ትራፊ ለነማን ይቀርባል ብለን ስንጠይቅ፣ የሚቀርብላቸው ሁልጊዜ ለሌላ ጥቅም የተያዙት ናቸው። ለዝንብ ያው ደም ቢደገም ምን አለበት? የሚለው አስተሳሰብ ረሃቡን ከዓላማው በታች አድርጎ የቆጠረ ነው። በእርግጥ ንጹሕ ደም ያዳነው ዓላማውንም ነው፤ ይህን አልክድም። ግን ከዓላማው በፊት የዳነው ዝንቧ ናት።

የመጨረሻው ማዕድ ደግሞ አለ። የመከነው ወንድ ዝንብ ከመለቀቁ በፊት የሚሰጠው ደም የገንዲን ተሕዋስ የሚከላከል መድኃኒት የተጨመረበት ነው፤ ቆላ ሲደርስ የሚነክሰውን ከብት እንዳያሳምም። መድኃኒቱ ለበሬው ነው። ደሙን ግን ዝንቡ የሚጠጣው ስለራበው ነው። በአንዲት ጠብታ ውስጥ ሁለቱም፣ የኛ ዓላማና የእሱ ረሃብ፣ ሳይቀላቀሉ አብረው ይገባሉ። በቄራ ከታረደው በሬ የፈሰሰ ደም ዝንቡን አብልቶ፣ ዝንቡ ያላየው ሌላ በሬ በሸለቆው ቀንበሩን ይሸከማል።

አንባቢዬ ሊቆጣኝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 በሀዲያና በከምባታ አረንጓዴ ረሃብ ሲገባ፣ ማሳው ለምልሞ ልጆች ሲያብጡና ሲከሱ ያየ ሰው፣ ስለ በረሮ ካሮት ሲሰማ መቆጣቱ ትክክል ነው። ልጅንና በረሮን በአንድ ሚዛን አላስቀምጥም። ከዚያ ዘመን የተማርኩት ግን ከዚህ ሐሳብ ጋር አንድ ነው። ረሃብ ሲገባ የተራበው ሰው ቶሎ ብሎ በጥቅሙ መመዘን ይጀምራል። ጉልበት አለው ወይ? ለሥራ ይሆናል ወይ? ነገ ይከፍላል ወይ? ሽማግሌዋና በሽተኛው ከመዝገቡ ግርጌ ይወርዳሉ። ረሃብን ከዓላማ ሥር ማስገባት በነፍሳት የሚጀምር ቢመስልም በነፍሳት አያበቃም። በዚህ ነጥብ ካንት የሠጋው ሥጋት ልክ ነበር። የተሳሳተው ሥጋቱን ብቻውን በቂ ምክንያት ማድረጉ ላይ ነው።

በረሮ ይሠቃያል ወይ? ጥያቄው ክፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ሆሪጅ የተባለ ተመራማሪ ጭንቅላቱ የተቆረጠ በረሮ እንኳ እግሩን ከኤሌክትሪክ ንዝረት ማሸሽ እንደሚማር አሳየ፤ ይህ መማር ያለ አንጎልም እንደሚሆን እንጂ ሥቃይ መኖሩን አያረጋግጥም። በኩሽናችን የምናገኘው የጀርመን በረሮ ጨቅላ ብቻውን ሲያድግ ከወገኖቹ ጋር ካደገው ይልቅ ዘግይቶ እንደሚጎለምስ ይታወቃል፤ ይህም ከምግብ በተጨማሪ የሚያስፈልገው ነገር እንዳለ ይናገራል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው ሕግ ሸርጣንና ኦክቶፐስን ስሜት ካላቸው እንስሳት ስትቆጥር ነፍሳትን ውጭ ትታለች። እኔ ውሳኔዬን በዚህ ክርክር ላይ አላንጠለጥልም። ካሮት ርካሽ ነው። ብንሳሳት የምንከስረው ግማሽ ካሮት ነው፤ በሌላው ወገን ብንሳሳት ግን የምናስርበው ነፍስ በመቶ የሚቆጠር ነው።

ነገሩ ደግሞ ከሸረሪት አልፎ ሊመጣብን ነው። ጥቁር ወታደር ዝንብ የምትባለዋን እጭ በጥራጊና በትራፊ ምግብ አሳድጎ ለዶሮና ለዓሣ መኖ ማድረግ በኬንያና በኡጋንዳ ሥራ ሆኗል። የአውሮፓ ኅብረት የነፍሳትን ፕሮቲን እ.ኤ.አ. በ2017 ለዓሣ፣ በ2021 ለዶሮና ለአሳማ መኖነት ፈቅዷል። የፋጉሎና የፉርሽካ ዋጋ በሚያስጨንቀን አገር ይህ ሐሳብ ሥራ አጥ ወጣት ዘንድ እንደሚደርስ አልጠራጠርም፤ እንዲደርስም እመኛለሁ። ሣጥኑ ሆሳዕና ይገባል፣ ዱራሜ ይገባል፣ ጊምቢቹ ይገባል። የምናረባቸው በሚሊዮን ስለሚሆኑ አንዱንም በፊቱ አናውቀውም፤ በሬውን በግንባሩ እንደምናውቀው አይሆንም።

ስለዚህ ቃሌ ይህን ሥራ ለሚጀምሩ ልጆችና በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ለሚያስተምሯቸው መምህራን ነው። የሥራ ዕቅድ ስትጽፉ ለኪሎው፣ ለሙቀቱና ለገበያው ቦታ ትተዋላችሁ፤ ተገቢ ነው። ከዚያው ሠንጠረዥ ላይ ሦስት መስመር ጨምሩ። ገዢ ሲጠፋ መንጋው በምን እንደሚቀለብ ጻፉ። እንዴት እንደሚገደል ጻፉ፣ ፈጣኑንም መንገድ ምረጡ። የመስቀል ዕለት፣ ሁሉም ሥጋው ዙሪያ ሲቀመጥ፣ ሣጥኑን የሚከፍተው ተረኛ ማን እንደሆነ ደግሞ በስሙ ጻፉት።